ሐይቁ ደፈረሰ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ሸተተ፦ ከጣና ዳር ችግርና መፍትሄው

ጣና ዳር ውሃ ስለካ፣ ፓምፕ ስተክል፣ የተደፈነ ማጣሪያ ስፈታ ብዙ ክረምት አሳልፌያለሁ። ሰው ሲደውልልኝ ሰላምታው ሳያልቅ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፣ "ውሃው ተበላሸብን፣ ምን እንጨምርበት?" መልሴም ሁሌ አንድ ነው፣ እስኪ መጀመሪያ ምንም አትጨምሩበት። ሐይቅ ሮቶ አይደለም፣ አጥባችሁ ሞልታችሁ ክሎሪን ጠብ አድርጋችሁ የምትገላገሉት ነገር አይደለም። ውሃው ላይ የምታዩት ቀለም አብዛኛውን ጊዜ የመጣው ከዳሩ ነው፣ ዳሩ ካልታከመ ውሃው ውስጥ የከተታችሁትን ብር ሁሉ ደለል ነው የሚበላው።

ቱቦው ተሰብሮ እንደሆነ፣ ሮቶው መቼ እንደታጠበ፣ ወንፊቱ ተቀዶ እንደሆነ አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። የምጽፈው ስለ ጣና ነው፣ ግን ሐዋሳም ደንበልም (ዝዋይ) ዳር ላላችሁ አብዛኛው ይሠራል። ላንጋኖ ያላችሁ ግን የውሃው ቀይ ቡናማነት የተፈጥሮው ነው፣ ደቃቅ ሸክላው እንደተንሳፈፈ የሚኖር ሐይቅ ስለሆነ እሱን ለማጥራት አትድከሙ።

መጀመሪያ ጠርሙስ አሳድሩ

ወረቀቱ የተላጠ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ጉልበት ድረስ ገብታችሁ ወይ ጀልባ ላይ ሆናችሁ፣ ክንዳችሁን እስከ ክርን አስገብታችሁ ቅዱ። ከዳር በጆግ የተቀዳ አታምጡልኝ፣ እሱ ላም የረገጠው ጭቃ እንጂ ሐይቁ አይደለም። ከዛ ጥላ ቦታ አስቀምጡትና ሳትነቀንቁት ይደር።

ጠዋት ሥሩ ላይ ቡናማ ተኝቶ ላዩ ጠርቶ ካገኛችሁት ደለል ነው። አረንጓዴው ወደ ላይ ወጥቶ አፉ ጋ እንደ ቀለም ቀለበት ከሠራ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባለው አልጌ ነው፣ ውስጡ አየር የያዘ ከረጢት ስላለው ነው የሚንሳፈፈው፣ ይሄኛው መርዝ ሊኖረው ይችላል። አረንጓዴው እንደተበተነ ካደረ ወይ ወደ ሥር ከወረደ ተራ አልጌ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ቡናማው ምንም ሳይነቃነቅ ሻይ በወተት መስሎ ካደረ ግን ደቃቅ ሸክላ ነው፣ አስቸጋሪው እሱ ነው።

ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። ፀጥ ብሎ በቆመ ውሃ ውስጥ የሚሊሜትር አንድ አስረኛ የሆነ ደቃቅ አሸዋ አንድ ሜትር ለመውረድ 2 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። የሚሊሜትር አንድ መቶኛ የሆነው ደለል 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አንድ ሺኛ የሆነው ሸክላ ግን ወደ 13 ቀን ይፈልጋል፣ ያውም ውሃው ፍፁም ካልተነቃነቀ። ጣና ላይ ንፋስ ሳይነሳ 13 ቀን ሲያልፍ እኔ አይቼ አላውቅም። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በተባለበትም ቦታ 15 ሜትር አይሞላም፣ ትልቅ ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ በሉት። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ዳር ዳሩን መሬቱ ድረስ ነው የሚያማስለው።

ሁለተኛው መሣሪያ ዲስክ ነው፣ ውሃው እስከ ምን ጥልቀት እንደሚያሳይ የሚለካ ክብ ሳህን። ጣሊያናዊው ቄስ አንጄሎ ሴኪ በፈረንጆቹ 1865 የጀመረው ነገር ነው፣ እስካሁን ከሱ የረከሰና የማይዋሽ መለኪያ አላገኘሁም። የቀለም ባልዲ ክዳን ወይ ቆርቆሮ 20 ሳንቲም ላይ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ አራት ቦታ ከፍላችሁ ሁለቱን ነጭ ሁለቱን ጥቁር ቀቡ፣ ከሥሩ ድንጋይ እሰሩ፣ ገመዱን በየ10 ሳንቲሙ ምልክት አድርጉበት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የፀሐይ መነጽር ሳታደርጉ፣ ጥላ ባለበት በኩል አውርዱት፣ የጠፋበትንና ሲመለስ የታየበትን ጥልቀት ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ። ሁሌ አንድ ቦታ፣ ሁሌ በአንድ ሰዓት። ዛሬ ጠዋት ለክቶ ነገ ማታ የሚለካ ሰው ሐይቁን ሳይሆን ንፋሱን ነው የለካው፣ እንደዚህ ዓይነት ደብተር ይዘውልኝ የመጡ ስንቶች ናቸው መሰላችሁ።

ምልክት፦ ውሃው ቡናማ፣ ማጣሪያው በሁለት ቀን የሚደፈን

ከሚገጥመኝ ችግር ሁሉ የሚበዛው ይሄ ነው፣ እና ምክንያቱ አንድ ስላልሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት "ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚደፈርሰው?" ነው። ጠዋት ጠርቶ ከሰዓት የሚደፈርስ ከሆነ ንፋስና የተራቆተ ዳር ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት መጥቶ ቀናት የሚቆይ ከሆነ ወንዝ ወይ ቦረቦር ነው። አንድ ቦታ ብቻ ቀኑን ሙሉ ደፍርሶ ግራና ቀኙ ደህና ከሆነ እዛች ቦታ ላይ ከብት ይጠጣል፣ አሸዋ ይወጣል ወይ ባጃጅ ይታጠባል፣ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ከወንዙ ልጀምር። ጣናን የሚሞሉት ትላልቆቹ ጊልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚያመጡት አፈር በዓይን ይታያል። አንድ ነሐሴ ጉማራ የሚገባበት አካባቢ በጀልባ ሄጄ ዲስኩን ሳወርደው እጄ ውሃ ሳይነካ ጠፋብኝ፣ ገመዱን ሳይ የመጀመሪያዋን የ10 ሳንቲም ምልክት ትንሽ ነው ያለፈው። ጀልባውን የሚነዱት ጋሼ በልጅነታቸው ታንኳ ሲቀዝፉ ያደጉ ሰው ናቸው፣ "ልጄ፣ ይሄን ክብ ነገር ሳታወርድ ልንገርህ፣ እኔ የመቅዘፊያዬን ጫፍ ካላየሁ ዓሣውም መረቤን አያየውም፣ ግን ዓሣውም የለም" አሉኝ። መዳፋቸውን ጨልፈው አሳዩኝ፣ ውሃው በጣታቸው መሃል ሲያልቅ መስመር መስመር ሠርቶ የቀረው ደለል እንደ ሊጥ ለስላሳ ነበር፣ ሲያሹት አሸዋ የለበትም። የእርሻ አፈር ማለት ያ ነው፣ ለሙ ክፍል። ገበሬው በብር የገዛው ማዳበሪያም ከዛ ሸክላ ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው፣ ይሄን ያዙልኝ፣ ስለ አረንጓዴው ሳወራ እመለስበታለሁ።

ወንዙን እናንተ አታቆሙትም፣ የተፋሰሱ ሥራ ነው። ከግቢያችሁ ወይ ከቀበሌያችሁ የሚወርደውን ቦረቦር ግን ታቆሙታላችሁ፣ እና እዚህ ላይ ሁሌ የሚሠራ አንድ ስህተት አለ፣ ክትር ከታች ይጀምራሉ። አንድ ቦታ ወጣቶች ተሰባስበው ከሐይቁ ሃምሳ እርምጃ ላይ በማዳበሪያ ጆንያ አፈር ሞልተው የሚያምር ክትር ሠርተው ጠሩኝ፣ በእውነት ለፍተዋል፣ በአንድ ትልቅ ዝናብ ከኋላው ሞላ፣ በሁለተኛው ጎርፉ ጎኑን ሰርስሮ አልፎ ከበፊቱ የሰፋ ገደል ከፈተ። ክትር ከላይ፣ ቦረቦሩ ገና ቦይ በሚያክልበት ነው የሚጀመረው። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት፣ ክፍተቱን የሚወስነው እሱ ነው። መሃሉ ከጎንና ጎኑ ዝቅ ይበል፣ ውሃው በመሃል እንዲያልፍ። ጎኖቹ ግራና ቀኝ ግድግዳው ውስጥ ተቆፍረው ይግቡ፣ ቢያንስ ግማሽ ሜትር። እግሩ ሥር ውሃው የሚወድቅበት ላይ ድንጋይ አንጥፉ።

ጆንያውን በተመለከተ፣ እባካችሁ ያገለገለ የማዳበሪያ ጆንያ ፀሐይ ላይ አትተማመኑበት። ፀሐይ ይበላዋል፣ በዓመቱ ስትነኩት እንደ ገለባ ነው የሚበጣጠሰው፣ ውስጡ የነበረው አፈር ሐይቅ ገባ ማለት ነው፣ ላስቲኩም አብሮ። ድንጋይ ካለ ድንጋይ። ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ከገዛችሁ ደግሞ ሽቦውን በጣታችሁ ለክታችሁ ግዙ፣ ገበያ ላይ ያለው አንዳንዱ በሁለት ክረምት ዝጎ የሚበጠስ ነው፣ ያን ሸጦ የሚያድር ሰው ያስቆጣኛል፣ ምክንያቱም ከሥር የሚኖረው ሰው ነው ጎርፉ የሚወስደው።

አሁን የንፋሱ። አንድ ሎጅ፣ ስም አያስፈልግም፣ ባለቤቱ ደውሎ "በአንድ ዓመት ውሃው ተበላሸ፣ ድሮ ጠዋትም ማታም ጥሩ ነበር" አለኝ። ስሄድ ሁለት ነገር አየሁ። መጋዘኑ በር ላይ የተደረደረ የአሉም ጆንያ አለ፣ አሉም ድፍርሱን አጣብቆ የሚያወርድ ውሃ ማጥሪያ ጨው ነው። ፊት ለፊቱ ደግሞ ዳሩ ባዶ ነው፣ እንግዳ ሐይቁን በደንብ እንዲያይ ተብሎ ደንገሉና ፊላው ከነሥሩ ተነቅሏል፣ በምትኩ አሸዋ በመኪና መጥቶ ፈሷል። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ውሃው ጥሩ ነበር፣ ዲስኩ ሰባ ሳንቲም ላይ ታይቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንፋሱ ሲመጣ ማዕበሉ ባዶውን ዳር በጥፊ እየመታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሃያ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ቡናማ ጥብጣብ ሠራ። ከሎጁ ወዲያ፣ ደንገሉ ያልተነካበት ጎረቤት ያለ ቦታ ሄጄ ዲስኬን ሳወርድ በዛው ሰዓት፣ በዛው ንፋስ ስልሳ ሳንቲም አካባቢ ነበር። በሰባት ሰዓትና በዘጠኝ ሰዓት የቀዳሁባቸውን ሁለት ሃይላንዶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬለት ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያቸው።

ደንገል ማዕበሉን ግንዱ መሃል ይሰብረዋል፣ ከላይ የሚመጣውን ደለል ያስቀምጠዋል፣ ሥሩ ደግሞ ጭቃውን አስሮ ይይዘዋል። ሦስት ሥራ በነፃ። እሱን ነቅሎ አሉም መግዛት ጣሪያ አፍርሶ ጃንጥላ እንደመግዛት ነው። እዛ ቦታ የተከልነው እንዲህ ነው፦ ከጤነኛ ደንገል ጠርዝ ላይ (ከመሃሉ አይደለም፣ መሃሉን ከነቀላችሁ እሱንም ገደላችሁት) ሁለት ሦስት ቡቃያ ያለው የሥር ጉማጅ ከነጭቃው ቆረጥን፣ ረጃጅሙን ግንድ ወገብ ላይ አሳጠርነው፣ ውሃ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት በሚደርስበት ጭቃ ውስጥ ቀበርነው፣ እያንዳንዱን ከባሕር ዛፍ ችካል ጋር በገመድ አሰርነው። የተከልነው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ሐይቁ ዝቅ ብሎ መሙላት በሚጀምርበት፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ሲመጣ ሥሩ እንዲይዝ።

የመጀመሪያው ዓመት አብዛኛው ጠፋ። ንፋስ አልነበረም ያጠፋው፣ ከብት ነው፣ አጥር ሳናጥር ተክለን ሄድን፣ ለምለም ቡቃያ ያየ ከብት ምን ያድርግ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። በሁለተኛው ዓመት አጥር አጥረን፣ ከብቱ የሚጠጣበትን መውረጃ ለብቻው ወደ ጎን አዙረን ድንጋይ አነጠፍንለት። እሱን ሳታደርጉ አጥር ብቻ ካጠራችሁ ገበሬው አጥሩን ያፈርሰዋል፣ ልክም ነው፣ ከብቱ ውሃ ይጠጣ። ሦስተኛው ክረምት ሲወጣ እዛው ቦታ ላይ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዲስኩ ሃምሳ አምስት ሳንቲም ወረደ። ባለቤቱ እንግዳ የሚያይበት ሁለት ሜትር ስፋት ያለው መሄጃ መሃሉ ላይ ትተንለታል፣ ይበቃዋል።

ባሕር ሸሽ የምታርሱ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ውሃው ሲሸሽ ተከትላችሁ እስከ መጨረሻው ጠርዝ አትረሱ፣ አስር እርምጃ ሣርና ደንገል ተዉለት። ክረምት ሲመለስ ያረሳችሁትን አፈር ነው መጀመሪያ የሚያነሳው።

ለጊዜው ውሃ ለሚያስፈልጋችሁ

ደንገሉ እስኪያድግ ትምህርት ቤቱ ውሃ ይጠጣል፣ ጤና ጣቢያው ይሠራል፣ ስለዚህ ለዛሬ የሚሆነውን ልንገራችሁ። አብዛኛው የማገኘው ፓምፕ መሳቢያው ጭቃ ላይ ተኝቶ ነው። ያንን ቱቦ አንሱት! ሁለት ባዶ የታሸገ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በእንጨት አገናኙ፣ መሳቢያውን ከሱ ሥር ከ50 እስከ 70 ሳንቲም ጥልቀት ላይ አንጠልጥሉት፣ በድንጋይ መልህቅ ያዙት፣ ማዕበሉ ከሚመታው ዳር ራቅ አድርጋችሁ አስገቡት። ሐይቁ ከፍ ዝቅ ሲል አብሮ ይወጣል ይወርዳል። አረንጓዴ አረፋ የመሰለ ነገር ላዩ ላይ በመጣበት ወቅት ግን ገመዱን አስረዝማችሁ ወደ አንድ ሜትር ተኩል አውርዱት፣ አልጌው ላይ ላዩን ነው የሚሰበሰበው። ፉት ቫልቩን (መሳቢያው ጫፍ ላይ ሆኖ ውሃው እንዳይመለስ የሚይዘውን) ርካሽ የፕላስቲክ አትግዙ፣ ምላሱ በሦስት ወር ይጣመምና ፓምፑ ሌሊቱን ውሃ አውርዶ ደርቆ ይነሳል፣ ሲጮህ ሰምታችሁት ከሆነ ያ ጩኸት ፓምፑ እየሞተ ያለበት ድምፅ ነው።

ከዛ ሰዓቱ። ሮቶውን ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ሙሉት፣ ንፋስ ሳይነሳ። አንድ ብር ሳያወጡ ግማሽ ችግራቸው የተፈታላቸው ትምህርት ቤቶች አውቃለሁ፣ ዘበኛው ፓምፑን የሚያስነሳበትን ሰዓት ብቻ ቀይረው። ሁለት ሮቶ ካላችሁ አንደኛውን ማስቀመጫ አድርጉት፣ መውጫውን ከሥሩ 30 ሳንቲም ከፍ አድርጋችሁ።

አሉም የግድ ከሆነ ለሮቶ ነው እንጂ ለሐይቅ አይደለም። አምስት ሃይላንድ ሞልታችሁ አሉሙን በውሃ በጥብጣችሁ ከትንሽ ወደ ብዙ እየጨመራችሁ ሞክሩ፣ አንድ ደቂቃ በደንብ ነቅንቁ፣ ከዛ አስር ደቂቃ ቀስ እያላችሁ፣ ከዛ ተዉት። በትንሹ መጠን ያጠራውን ምረጡ። በዛ ሲባል ይሻላል ማለት አይደለም፣ ከልክ ሲያልፍ መልሶ ይደፈርሳል፣ ውሃውንም አሲዳማ ያደርገዋል። አንድ የዓሣ ኩሬ ላይ አሉም በአካፋ የበተነ ሰው ገጥሞኛል፣ ውሃው ጠርቶ ነበር፣ እውነት ነው፣ ዓሣው ግን ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፎ ነው ያየሁት። አሲዱ ሲጨምር አሉሚኒየሙ ይሟሟና የዓሣ ጉሮሮ ላይ፣ መተንፈሻው ላይ ይለጠፋል። አሉም ለማታገኙ የሽፈራው ፍሬ አለ፣ ልጣጩን አውልቃችሁ ለአንድ ሊትር አንድ፣ በጣም ለደፈረሰው ሁለት ፍሬ ደቁሳችሁ በጥብጣችሁ ጨምሩ፣ በሰዓታት ውስጥ ያወርደዋል፣ ግን የጠራውን በዛው ቀን ተጠቀሙት፣ ካደረ ይሸታል።

ክሎሪን ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የደፈረሰ ውሃ ውስጥ ክሎሪን መጨመር ክሎሪኑን ለጭቃ ማብላት ነው። ጠርሙሱን ከተጻፈ ወረቀት ፊት አድርጉት፣ ፊደሉ በደንብ ካልተነበበ ገና ነው፣ መልሳችሁ አጥሩት።

ምልክት፦ አረንጓዴ ሆነ

ይሄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲጠራ፣ ጥቅምትና ኅዳር አካባቢ ነው፣ እና ሰው ግራ የሚገባው እዚህ ጋ ነው፣ "ገና ጠራ ስንል አረነገደ" ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ክረምት ላይ ከሸክላው ጋር ያ ያልኳችሁ ማዳበሪያ፣ በተለይ ፎስፈረሱ፣ ገብቷል፣ ግን ደፍርሶ ስለነበር ብርሃን አልገባም፣ አልጌው ምግብ እያለው ጨለማ ውስጥ ነበር። ሲጠራ ብርሃኑ ገባ፣ ያ ሁሉ ምግብ ይጠብቀዋል። ሐይቅ የገባ አንድ ኪሎ ፎስፈረስ እስከ 500 ኪሎ እርጥብ አልጌ ሊያበቅል ይችላል ይባላል፣ ስለዚህ ቡናማውን ካላቆማችሁ አረንጓዴውን አታቆሙም። በተጨማሪ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ ዳር ላይ የሚታጠብ ልብስና መኪና፣ ከእርሻ የሚወርድ ማዳበሪያ አለ። ልብስ ከዳር ሃምሳ ሜትር ርቃችሁ እጠቡ፣ እጣቢውን መሬት ላይ ድፉት፣ አፈሩ ይይዘዋል።

ጠርሙሱ ላይ ወደ ላይ የተንሳፈፈው ዓይነት ከሆነ፣ ላዩ የፈሰሰ ዘይት ቀለም የመሰለ ከሆነ፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ። ማፍላት መርዙን አያጠፋውም፣ እንዲያውም ሴሉ ሲፈነዳ መርዙ ወደ ውሃው ይወጣል። ክሎሪንም ያልተጣራ ውሃ ላይ ስትጨምሩ እንደዛው። መርዙ ጉበት ነው የሚይዘው። ከብት ከዛ ዳር አታጠጡ፣ ሕፃን አታጥቡ፣ ውሾችም ይሞቱበታል። ንፋሱ አረፋውን ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል፣ እናንተ በተቃራኒው ዳር ቅዱ። የመዳብ ሰልፌት በትነው "ገደልነው" የሚሉ አሉ፣ ገደሉት አዎ፣ ባንዴ ፈነዳና መርዙን ሁሉ ውሃው ውስጥ ለቀቀው፣ የሞተውም ሲበሰብስ ኦክስጅኑን በላው። አታድርጉት። አታድርጉት!

ምልክት፦ ጠርቷል ግን ጥቁርና ይሸታል

እምቦጭ ሥር ነው። እምቦጭ ጣና ላይ በፈረንጆቹ 2011 አካባቢ ነው የታየው፣ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ የሚሆን አረም ነው። ምንጣፉ ሥር ማዕበል ስለሌለ ደለሉ ይወርዳል፣ ብርሃን ስለሌለ አልጌ የለም፣ ዲስካችሁ ጥሩ ቁጥር ያሳያችኋል፣ ግን ውሃው ሞቷል፣ ኦክስጅን የለውም፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። የዲስክ ቁጥር ብቻውን ጤና አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

መንቀሉን ሰው ያውቃል፣ ብዙ እጅ ወጥቶ ነቅሏል፣ ያን ጉልበት አከብራለሁ። የሚበላሸው ከተነቀለ በኋላ ነው። ነቅለው ዳር ላይ ይከምሩታል፣ ይበሰብሳል፣ ጭማቂው ከነምግቡ ተመልሶ ሐይቅ ይገባል፣ ክረምት ላይ ሐይቁ ሲሞላ ክምሩን ራሱን ያነሳዋል። መስከረም የሚደርሰውን የውሃ ጠርዝ እወቁና ከዛ ወደ ላይ አውጡት፣ ቀጭን አድርጋችሁ አድርቁት። ፍሬ ከመያዙ በፊት ንቀሉት፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት፣ እስከ 20 ዓመት ድረስ ተኝቶ መብቀል ይችላል። ስትነቅሉ ደንገሉን አብራችሁ እንዳትነቅሉ፣ ይሄንን ስህተት በዓይኔ አይቻለሁ፣ እምቦጩ በዓመቱ ተመለሰ፣ ደንገሉ አልተመለሰም። ጀልባችሁንና መረባችሁን ከአንድ ዳር ወደ ሌላ ስታዞሩ ፈትሹ፣ ጣት የምታክል ቁራጭ ትበቃዋለች።

ሌሎቹ

ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ካያችሁ በእንጨት ንኩት፣ እንደ መስታወት ተሰባብሮ ከቀረ ብረት ካለው ጭቃ የሚመጣ ባክቴሪያ ነው፣ አይጎዳም። ተሽከርክሮ መልሶ ከገጠመ ናፍጣ ነው፣ የጀልባ ሞተር ወይ መኪና አጣቢ ፈልጉ።

ከዋኛችሁ በኋላ የሚያሳክክ ከሆነ ቢልሃርዚያ ሊሆን ይችላል፣ ዳር ዳር አረም ላይ ያለ ቀንድ አውጣ ነው የሚያስተላልፈው፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ መድኃኒት አለው።

መሳቢያው ላይ የሚያጣብቅ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር፦ ወንፊቱን በብሩሽ እጠቡት፣ ሌላ የለውም።

ዓሣ ንጋት ላይ ላዩ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ካያችሁ ኦክስጅን አልቋል፣ ሌሊት አልጌው ራሱ ስለሚተነፍስ ነው፣ ኩሬ ከሆነ ፓምፑን አስነስታችሁ ውሃውን ወደ ላይ እየረጨ መልሱት፣ መኖ አቁሙ። ቢሾፍቱ እንደነ ባቦጋያ ያሉ ጥልቅ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ዳር ላላችሁ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የብርድ ሌሊት ላዩ ቀዝቅዞ ሲከብድ ይወርድና ከሥር ያለው ኦክስጅን የሌለው ውሃ ይገለበጣል፣ ጠዋት ዓሣ ሞቶ ታገኛላችሁ። መርዝ ተጨመረ ብላችሁ ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት የሌሊቱን ብርድ ጠይቁ፣ የሞተውን ዓሣ ግን ሰብስባችሁ ቅበሩት እንጂ ገበያ አታውጡት።